ያስለቀሰን ዜማ ወዴት አደረሰን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾሙ በገባ ማግስት የጎንደር ከተማ ድምፅ ይለወጣል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርደው ባጃጅ እስከ ቅበላ ማታ ሲያስጨፍር የቆየውን ዘፈን ዘግቶ በገና ይከፍታል። ሻይ ቤቱ በገና ነው፤ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው አጠገብ ባስቀመጣት ስልክ የሚሰማውም በገና ነው። የሚሰማ ሁሉ «አቤት! አንጀት ይበላል» ይላል። የሚገርመው ግን አንጀቴን በላኝ ብሎ «ዝጉልኝ» የሚል የለም። «እስኪ እባክህ ድገመው» ነው የሚባለው።

እስኪ ቆም ብለን እናስብ። ሰው ኀዘንን የሚሸሽ ፍጥረት ነው። በሌሊት በሩ ሲንኳኳ መርዶ እንዳይሆን ይንቀጠቀጣል። ታዲያ መርዶ የሚፈራ ሰው መርዶ የመሰለ ዜማ ሲመጣለት ለምን ድምፁን ከፍ ያደርገዋል? ኀዘን በሕይወት ሲመጣ መራራ ከሆነ፣ በዜማ ሲመጣ ለምን ጣፈጠን? ይህን መጠየቅ ለጾማችን ይጠቅማል። በዚህ ሰሞን ብዙዎቻችን በዜማ እናለቅሳለንና፣ ያለቀስነው እንባ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ጾሙ ሊያልፍ ይችላል።

ኀዘን ለምን ይጣፍጣል?

ነገሩ በመዝሙር ብቻ የሚታይ አይደለም። ወደ ደጋው፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ገጠር ብትወጡ፣ እረኛው ከብቱን አሰማርቶ ዋሽንቱን ሲነፋ የሚወጣው ዜማ ብዙ ጊዜ የትካዜ ነው። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ እጃቸው የሚፈጨው ገብስ ነው፤ አፋቸው የሚፈጨው ግን የሞተ ወንድም፣ አገር ጥሎ የሄደ ልጅ ነው። አዝማሪውም በዚያች ከፈረስ ጭራ በተሠራች አንድ ጅማት ማሲንቆውን ገዝግዞ የሰውን ሆድ ሲያስብሰው፣ የተነካው ሰው ተነሥቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ያስለቀሰውን ሰው ይሸልመዋል ማለት ነው! በሌላ ነገር ብናስለቅሰው ግን ፖሊስ ይጠራብን ነበር።

በዘመናችን ይህን ጉዳይ ያጠኑ ሰዎች አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በበርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች 772 ሰዎችን ስለ አሳዛኝ ሙዚቃ ጠይቀው ነበር። ሙዚቃው በብዛት የሚቀሰቅስባቸው ስሜት ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ያለፈውን መናፈቅ፣ በእኛ ቋንቋ ትዝታ ነው። አባቶቻችን ግን ይህን መጠይቅ ሳይበትኑ ያውቁት ነበር፤ ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች አንዱን ስሙን «ትዝታ» ብለው ጠርተውታልና።

ታዲያ የሚጣፍጠን ለምንድን ነው? እኔ ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው፣ ስም ያልወጣለት ኀዘናችን ስም ስለሚያገኝ ነው። ሰው በልቡ ብዙ ያልተለቀሰ ለቅሶ ይዞ ይዞራል። ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ልብ በሉ። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በቅጡ የማያውቀው ሰው ሳይቀር ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በጎረቤቱ ድንኳን ተቀምጦ የራሱን እናት እያለቀሰ ነው። ሙሾዋ በር ከፈተችለት እንጂ እንባውን አልፈጠረችውም። ነቢዩ ዳዊትም ሳኦልና ዮናታን በወደቁ ጊዜ የኀዘን ቅኔ ተቀኝቶ፣ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዟል (2ኛ ሳሙ. 1፥17-27)። ኀዘን እንዴት እንደሚለቀስም ትምህርት ነውና።

ሁለተኛው፣ ብቸኝነታችንን ስለሚያቀልልን ነው። «ይህን ያዜመው ሰው እኔ የደረሰብኝ ደርሶበታል» እንላለን። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ያሳረፈው የጭፈራ ድምፅ አልነበረም፤ እረኛው ልጅ የደረደረለት በገና ነው (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። የተጨነቀ ሰው ፊት ከበሮ ብትመቱበት ይበልጥ ይከፋዋል። ከጎኑ ተቀምጦ የሚያዝንለት ድምፅ ሲያገኝ ግን ልቡ ዕርፍ ይላል። ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ልንንቀው አይገባም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ ይለያል፤ የዛሬው ጽሑፍም ስለ እርሱ ነው። የዜማ ኀዘን ዕዳ የለውም። የእውነት ኀዘን ሲመጣ ሥራ ይዞ ይመጣል፤ መቅበር አለ፣ ማስታመም አለ፣ ወላጅ የሞተበትን ልጅ ማሳደግ አለ። የዜማው ኀዘን ግን ዐሥር ደቂቃ አስለቅሶን ይሄዳል። ምንም አይጠይቀንም። ጣፋጭነቱም ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው።

በራሴ የደረሰው

ነገሩን በሌላ ሰው አልመስልም፤ በራሴ የደረሰ ነው። የጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ ሳምንተ መጻጉዕ ነበር። ለቅዳሴ ቀደም ብዬ መጥቼ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ፣ ከጽድ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ። በጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ የበገና መዝሙር እሰማለሁ። መዝሙሩ ስለ ሞት፣ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ነው። እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። «ዛሬስ ልቤ ተሰበረ፣ ጾም ማለት ይህ ነው» እያልሁ ነበር።

አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መጥታ ፊቴ ቆመች። ጦርነቱ ከቀዬአቸው ካፈናቀላቸው እንደ አንዷ ትመስላለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የምትለውን ግን አልሰማም። እንደ ልማዴ «እግዜር ይስጥሽ» ብዬ እጄን አነሣሁ። አልሄደችም። ተናድጄ አንዱን ማዳመጫ ነቀልሁና፦

«ምነው እኅቴ፣ መዝሙር እየሰማሁ መሆኔን አታዪም?» አልኋት።

«አባቴ፣ ገንዘብ ፈልጌ አይደለም» አለችኝ። «ልጄን እሳት ሆኖብኝ ነው። ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው?»

በጣቴ አሳየኋት። ማዳመጫውንም መልሼ ሰካሁት። መዝሙሩ ቀጠለ፣ እንባዬም ቀጠለ።

ነገሩ የገባኝ መዝሙሩ ሲያልቅ ነው። ዘልዬ ተነሣሁ። እስከ በሩ ሮጥሁ፣ እስከ አስፋልቱ ወረድሁ። የለችም። ከዚያም ገብቼ ቅዳሴ ቆምሁ። የሳምንቱ ወንጌል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ 38 ዓመት በአልጋው ተኝቶ የሚያነሣው ሰው ያጣው የመጻጉዕ ታሪክ ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። በዚያ መጠመቂያ ዙሪያ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰው ሞልቶ ሳለ ሰው አጣ። እኔም ያን ቀን ከዚያ ሕዝብ አንዱ እንደ ነበርሁ ዐወቅሁ። ስለ ሟች ሁሉ እያለቀስሁ፣ ሊሞት የሚችል ሕፃን ፊቴ ቆሞ ስላቋረጠኝ ተቆጣሁ።

ይህ ሕመም የእኔ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። በሰሜን አፍሪካ የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ (354-430 እ.ኤ.አ.) በኑዛዜ መጽሐፉ ስለ ወጣትነቱ ሲናገር፣ በካርታጎ ከተማ ቲያትር ቤት ተቀምጦ በሰው መከራ ማልቀስ ይወድ እንደ ነበር ይነግረናል። ራሱንም ይመረምራል። ሰው በራሱ ሊደርስበት የማይፈልገውን መከራ በመድረክ ላይ አይቶ ማዘን ለምን ይወዳል? ተመልካቹ እኮ ሂድና እርዳ አይባልም፤ እንዲያዝን ብቻ ነው የሚጋበዘው። ያላስለቀሰው ተዋናይ እንዲያውም ያሰለቸዋል።

ከእርሱ እጅግ ቀድሞ ደግሞ እግዚአብሔር ለነቢዩ ሕዝቅኤል የነገረው ቃል አለ (ሕዝ. 33፥31-32)። ሕዝቡ ወደ ነቢዩ እየመጡ ይቀመጣሉ፣ ይሰማሉ፤ ግን ነቢዩ ለእነርሱ ድምፁ ያማረ፣ በገናውን አሳምሮ የሚደረድር ዘፋኝ ሆኖባቸዋል። ቃሉን ይሰማሉ፣ አያደርጉትም። ክርስቲያኖች ሆይ፣ ከዚህ የሚያስፈራ ነገር አለን? ሰው ከዘፈን ሸሽቶ ወደ መዝሙር ሊመጣ፣ መዝሙሩን ግን እንደ ዘፈን ሊሰማው ይችላል።

የቅዱስ ያሬድ እግር

«እንግዲያ አሳዛኝ ዜማ አንስማ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም! እንዲህማ ቢሆን ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ዜማ ባልኖራት ነበር። ከሦስቱ የያሬድ ዜማዎች፣ ከግዕዝና ከዕዝል ቀጥሎ የምንጠራው አራራይ ስሙ ራሱ ማራራትን ያሳስባል። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ መዝሙር ሲያስተምር፣ ብልህ ሐኪም ለሕፃን መራራውን መድኃኒት ሲያጠጣ የጽዋውን ከንፈር ማር እንደሚቀባው፣ መንፈስ ቅዱስም ጣፋጩን ዜማ ከትምህርቱ ጋር ቀላቀለው ይላል። እንግዲህ ዜማው ማር ነው። ማሩን ልሶ መድኃኒቱን የሚያፈስስ ግን አይድንም። እኔ ያን ቀን ማሩን ነው የላስሁት።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የተጻፈውን ሁላችን እናውቀዋለን። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። የተወጋው አልታወቀውም፣ የወጋውም አልታወቀውም። ይህን ስንሰማ አብዛኞቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን፤ «አይ ዜማ!» እንላለን። ታሪኩ ግን ገና አላለቀም።

ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ ደሙን አይቶ ደነገጠ። ጦሩን ነቀለ። ስለ ደምህ ዋጋ የምትፈልገውን ጠይቀኝ ብሎ ማለለት። ያሬድም ወርቅ አልጠየቀም፣ ሹመት አልጠየቀም። አሰናብተኝና በበረሓ ልመንኩስ አለ። ንጉሡ እጅግ አዘነ፣ መሐላው ግን ያዘውና አሰናበተው። ያሬድም ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ወዴት መጣ? ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሰሜን ተራራ! ግንቦት 11 ቀን የምናከብረውም በዚያው በሰሜን በረሓ ሲጾምና ሲጸልይ፣ ደቀ መዛሙርቱንም ሲያስተምር ኖሮ የተሰወረበትን መታሰቢያ ነው።

ልብ በሉ። ዜማው ሁለቱን ሰዎች ሕመም እስኪረሱ አስመሰጣቸው፤ ግን እዚያው ቤተ መንግሥት አላስቀመጣቸውም። ወጊው የወጋውን እግር አየ፣ ጦሩን ነቀለ፣ ለመካስ ማለ። ዘማሪው ተነሥቶ የሰሜንን ዳገት ወጣ። የእውነተኛ ዜማ ምልክቱ ይህ ነው። ከሰማነው በኋላ አጠገባችን የሚደማውን እግር ያሳየናል። ጦሩን የተከልን እኛ ብንሆን እንኳ እንድንነቅለው ያደርገናል።

ከአንጀት የሚወጣ

በገናውን እንመልከት። 10 አውታር አለው፤ አባቶች በ10ሩ ቃላተ ኦሪት ይመስሉታል። አውታሩ በቀድሞው ሥርዓት የሚፈተለው ከበግ አንጀት ነው። ያ «ዝዝዝ» የሚል፣ ውስጥ ውስጡን የሚንቀጠቀጥ ድምፁ የሚመጣውም እንዝራ ከተባለው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው፤ ከብርኩማው ጋር አውታሩ የሚነካካው በእርሱ ነው። እንግዲህ «አንጀት ይበላል» የምንለው ዜማ ራሱ ከአንጀት የተሠራ ነው። ያ በግ አንጀቱን ካልሰጠ በገናው አይጮኽም። ዜማ ያለ መሥዋዕት እንደማይወጣ ይህ ይነግረናል። የሚሰማውስ? ሰሚውም ከራሱ አንድ ነገር ካልሰጠ ዜማው በጆሮው ገብቶ በጆሮው ይወጣል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ሥርዓቷን ስትሠራ ይህን ዐውቃ ነው። ጎንደር የ44 ታቦት አገር ናት፤ በአታም የአቋቋም ዜማ ምስክር ናት። ከበሮና ጸናጽል እንደ ጎንደር የሚያምርበት የት አለ? ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ከበሮው ይቀመጣል፣ ጸናጽሉም ዝም ይላል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ጾመ ድጓውን በዝማሜ ያዜማሉ። በሰሙነ ሕማማትም ሰቆቃወ ኤርምያስ ይነበባል። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ አሳዛኝ ቃልና ዜማ አሰምታ «አልቅሳችሁ ወደ ቤት ሂዱ» አትልም። ስገዱ ትላለች። ጉልበት ይታጠፋል፣ ግንባር መሬት ይነካል። ጹሙ ትላለች፤ የተራበን አስቡ ትላለች፤ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ ትላለች። እንባውን ሥራ ትሰጠዋለች፣ ሥራ ፈት አታደርገውም።

ምን እናድርግ?

በዚህ ጾም ሦስት ነገር እንሞክር።

መጀመሪያ፣ መዝሙር ሰምተን ሆዳችን ሲብሰን «ይህ እንባ ለማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። የተጣላነው ወንድም ትዝ ካለን ስልኩ በእጃችን ነው፤ መዝሙሩን የከፈትንበት ስልክ ይደውላል። የሞተች እናታችን ትዝ ካለችን፣ የጎረቤት እናት ብቻዋን ተቀምጣለች። ኃጢአታችን ትዝ ካለን፣ የነፍስ አባታችን ቤት አይጠፋንም።

ሁለተኛ፣ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮአችን እናውርድ። ይህ ለእኔም ነው። በአገራችን የእውነት ለቅሶ አልጠፋም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት የደረሰውን እልቂት ያየ ቤተ ሰብ ለማልቀስ መዝሙር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው። የእነርሱ ለቅሶ ቅኝት የለውም፣ አይጣፍጥም፣ ሥራ ያስፈታል። ጌታችን በገበያ ተቀምጠው ሙሾ ሲያወጡ የሚያለቅስላቸው ስላጡ ልጆች የተናገረው (ሉቃ. 7፥32) በእኛ ላይ እንዳይፈጸም እንጠንቀቅ።

ሦስተኛ፣ ኀዘን የጸናባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። አንዳንድ ትካዜ አለ፣ በዜማ የሚቀልል። አንዳንድ ትካዜ ደግሞ አለ፣ በር ዘግተው ሌሊቱን ሙሉ ሲሰሙት እየከበደ የሚሄድ። ቅዱስ ጳውሎስ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሆነው ኀዘን ወደ መዳን፣ የዓለም ኀዘን ግን ወደ ሞት እንደሚያደርስ ለይቶ ጽፎልናል (2ኛ ቆሮ. 7፥10)። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ዜማውን ዝጉና ሰው ጥሩ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ለወዳጃችሁ ንገሩ፣ ሐኪም ቤትም ሂዱ። ሳኦል እንኳ የዳነው በገናው ለብቻው ስለ ጮኸ አይደለም፤ በገናውን የያዘ ሰው አጠገቡ ስለ ነበረ ነው።

የተወደዳችሁ፣ ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ግን አልቅሶ አልተመለሰም፤ ድንጋዩን አንሡ አለ። ማርያም መግደላዊትም በመቃብሩ ደጅ ቆማ ታለቅስ ነበር። እንባዋ ጨለማ ሳለ ከቤቷ ያስነሣት እንባ ስለ ነበረ ትንሣኤውን ቀድማ አየች፣ አልቅሳም አልቀረች፤ ለወንድሞች ልትናገር ተላከች (ዮሐ. 20፥1-18)።

እኔ ያችን ሴት እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። ያን መዝሙር ስሰማ ግን አሁን የሚመጣብኝ ሞቴ አይደለም፤ የጀርባዋ ሕፃን ነው። እንባዬም እንደ ድሮው አይጣፍጠኝም። ምናልባት ልክ የሆነው ዛሬ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊቴ ሲቆም ቀድሜ ማዳመጫዬን እነቅላለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ በገናውን ስትከፍቱ ከፍታችሁ ስሙ፣ ሆዳችሁም ይባስ፣ አልቅሱም። ዜማው ሲያበቃ ግን «ድገመው» ከማለታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ፊታችሁ የቆመ ሰው እንዳለ እዩ።

የአባቶቻችን አምላክ እንባችንን የንስሐ እንባ፣ ጾማችንን የፍቅር ጾም ያድርግልን። ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።